የፔታንግ እህት ከተማ

የትንሿ የባሕር ዳር ከተማ የካንሱይ ማዘጋጃ ቤት ታይፒስት ፐርፔቱዋ ዱማላጋን፣ ሰው ሁሉ ፔታንግ የሚላት፣ እህት ከተማ የሚባል ነገር መኖሩን መጀመሪያ የሰማችው እንደ ፈረንጆቹ በ1984 ዓ.ም. በሰኔ ወር፣ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ሲያዳፋት ነበር። ከንቲባው ቪላፍሎር ከጃፓን በተመለሱ በሦስተኛው ቀን አንድ ቀይ ማኅደር ጠረጴዛዋ ላይ ጣል አደረጉና፣ ሂራኡራ ከምትባል ከተማ ጋር መዋዋላቸውን፣ ሂራኡራም ከእንግዲህ የካንሱይ እህት መሆኗን ነገሯት። ሂራኡራ ምን ዓይነት አገር እንደሆነች ስትጠይቃቸው፣ ብርዷ አጥንት የሚሰብር የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት ከማለት በቀር ብዙ የሚያወሩት አልነበራቸውም። የሚያውቁት ነገር ቢኖር በነሐሴ ወር ስድስት እንግዶች እንደሚመጡ፣ እንግዶቹ በሰው ቤት እንደሚያድሩና ቤቱን የምትፈልገው ፔታንግ መሆኗን ነበር። ለምን እኔ ብትላቸው፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ እንግሊዝኛ የማይደናቀፍባት እሷ ብቻ ስለሆነች ነው አሏት።

ካንሱይ ያኔ ሆቴል የሚባል ነገር አልነበራትም። ፔታንግ ዣንጥላዋን ይዛ ቤት ለቤት ዞረች። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት እሺ አሉ፤ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር እሺ አሉ፤ የበረዶ ፋብሪካው ሰውዬም ሚስቱ ስለጎተጎተችው እሺ አለ። እንዲህ እንዲህ እያለች አምስት ቤት አገኘች። ስድስተኛው ግን ጠፋ። ገሚሱ ክፍል የለንም አለ። ገሚሱ ደግሞ ዓይኗን እያየ፣ መጀመሪያ እናትሽን ጠይቂያቸው አላት።

እናቷን ያነሱት ያለ ምክንያት አልነበረም። በጦርነቱ ጊዜ የጃፓን ወታደሮች የፔታንግን አባትና ሌሎች ሁለት ዓሣ አጥማጆችን ጥይት አሸክመው ወደ ተራራው ወሰዷቸው። ሦስቱም አልተመለሱም። ፔታንግ የተወለደችው ከዚያ ከአምስት ወር በኋላ ነው። እናቷ ሳቤል፣ በአገሩ ቋንቋ ናናይ፣ ማለትም እማማ ሳቤል፣ ሌላ ባል ሳያገቡ፣ የደረቀ ዓሣ ሸጠው አሳደጓት። አበባ የሚያኖሩበት መቃብር እንኳ አልነበራቸውም።

ፔታንግ ለእናቷ ስትነግራቸው ልብስ እያጣጠፉ ነበር።

«ስንት ቀን ነው?» አሏት፣ ቀና ሳይሉ።

«አራት ቀን፣ ናናይ።»

«የት ሊተኛ?»

«እኔ ክፍል። እኔ ካንቺ ጋ እተኛለሁ።»

ናናይ ሳቤል መጀመሪያ አንሶላቸውን አጣጥፈው ጨረሱ። «ይምጣ። እኔ ግን አላበስልለትም። አንቺው አብስዪለት።»

የመጣው እንግዳ ኦጋታ ሺጌዎ ይባላል። በሂራኡራ ማዘጋጃ ቤት የዓሣ ሀብት ክፍል ጸሐፊ ነው፤ በዕድሜ የፔታንግ እኩያ፣ ቀጭን፣ ጆሮው ወደ ውጭ የወጣ። እንግሊዝኛውን ከመዝገበ ቃላት ነው የተማረው፤ አንዱን ቃል ይናገርና ሌላውን እስኪያገኝ ገጽ ሲያገላብጥ ሰሚው ያረጃል። የመጀመሪያው ቀን ምሽት ናናይ ሳቤል እራታቸውን ማድ ቤት በሉ።

በማግስቱ ፔታንግ ምግቡን አብስላ የዝግጅቱን ፕሮግራም ልትታይፕ በጠዋት ወጣች። ስትመለስ ኦጋታ ሩዙና ዓሣው ፊቱ ቀርቦለት፣ ሳይነካው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ለካ እሱ የቤቱ ባለቤት ካልተቀመጡ አልበላም ብሎ ነው። እናቷ ደግሞ በልቶ እስኪነሳና ገበታውን እስኪያነሱ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ፔታንግ እግሯን ወደ ውስጥ ልታስገባ ስትል እናቷ ትዕግሥታቸው አለቀና ጮኹበት።

«ሃያኩ!»

ኦጋታ ደነገጠ። ፊቱ ወረቀት መሰለ። ቃሉ በእሱ ቋንቋ «ቶሎ በል» ማለት ነው፤ አባባላቸው ግን የወታደር ነበር። ዘወር ብሎ ፔታንግን፣ ይህን ማን አስተማራቸው ሲል ጠየቃት። እሷም ለእናቷ ተረጎመች።

«ወታደሮቹ ናቸዋ» አሉ ናናይ ሳቤል። «ሦስት ቃል ነው የማውቀው። ቶሎ በል፣ ና፣ ደደብ። ከቋንቋችሁ የተዉልኝ ይህንኑ ነው በዪው።»

ፔታንግ እዚያ በሩ ላይ ቆማ አሰበች። ለዘብ አድርጋ ልትነግረው ትችል ነበር፤ እንግዳ ነው፣ የመንግሥት እንግዳ ነው። ከዚያ ግን እናቷ አርባ ዓመት ሙሉ ይህን ለማንም ጃፓናዊ ተናግረው እንደማያውቁ ትዝ አላት። አንድም ሳታጎድል ነገረችው።

ኦጋታ ተነሣና ጎንበስ አለ። ጎንበስ እንዳለም ቆየ። መቼም ያን ያህል ጊዜ ጎንበስ ብሎ የቆየ ሰው በዚያ ቤት ታይቶ አያውቅም። በመጨረሻ ናናይ ሳቤል ራሳቸው ተጨነቁ። «ቀና ይበል በዪው፣ ወገቡን ሊያመው ነው» አሉ፤ ወንበር ስበውም ከገበታው ማዶ ተቀመጡ። ያን ጊዜ በላ።

የመጨረሻው ቀን ምሽት የዓሣውን ሾርባ የሠሩት ናናይ ሳቤል ነበሩ፤ ምክንያታቸው የፔታንግ ጨው እንግዳውን ይገድለዋል የሚል ነው። ኦጋታ ሳህኑን ከጨረሰ በኋላ አራት ጣቶቹን አነሣና «ጎቺሶ ሳማ» አላቸው። መዝገበ ቃላቱን አገላብጦ እንዳስረዳው፣ ከማዕድ የተነሣ ሰው ለአብሳዩ የሚለው ምስጋና ነው፤ አራተኛ ቃል ይሁንልዎ ማለቱ ነበር። ናናይ ሳቤል ቃሉን ሁለት ሦስቴ አፋቸው ውስጥ አንከባለሉት። ሊሄድ ሲል የባላቸውን ስም ጠየቃቸውና ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

በዓመቱ ደብዳቤ መጣ። በሂራኡራ ሰዎች በነሐሴ የሞቱባቸውን ሲያስቡ የወረቀት ፋኖስ እያበሩ ባሕር ላይ ይለቃሉ፤ ኦጋታና እናቱም አንዱን ፋኖስ በፔታንግ አባት ስም ለቀውት ነበር። ፎቶግራፉም አብሮ ተልኳል። ፔታንግ አንብባ ስትጨርስ እናቷ ፎቶግራፉን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት።

«ስሙን አስተካክሎ ጽፎታል?»

«አስተካክሎ ነው፣ ናናይ።»

«እንግዲያው ደህና» አሉና ፎቶግራፉን ደረታቸው ውስጥ ከተቱት።

በ1986 መንግሥት ሲለወጥ ቪላፍሎርም ከወንበራቸው ተነሡ። በቦታቸው የተተኩት ባርሴናስ የሚባሉ ጠበቃ ሲሆኑ፣ ቀዩን ማኅደር ገልጠው እንኳ አላዩትም። የቪላፍሎር ሽርሽር ነው፣ መዝገብ ቤት ይግባ አሉ። ፔታንግም ማኅደሩን መዝገብ ቤት አስገባችው። ሂራኡራዎች ግን የካንሱይን ሹም ሽር የሚያውቁበት ምክንያት አልነበራቸውም። ለከንቲባው እያሉ ይጽፋሉ፤ ፖስተኛው ደግሞ የከንቲባውን ደብዳቤ ሁሉ ለፔታንግ ነው የሚሰጠው። አንድ ሰው ሰላም ብሎህ ዝም ማለት ደግ አይደለም። ስለዚህ መለሰችላቸው። «ስለ ከንቲባው» ብላ እየፈረመች፣ ከንቲባው ለልጆቹ ሥዕል አመስግነዋል፣ ከንቲባው የዘንድሮ ዓሣ እንዲበረክትላችሁ ተመኝተዋል፣ ከንቲባው ማዕበሉ ጀልባ ሰበረባችሁ ወይ ብለው ተጨንቀዋል እያለች ስድስት ዓመት ጻፈች።

ነገሩ የወጣው ጉንፋን ይዟት ቤቷ በተኛችበት ሳምንት ነው። ከሂራኡራ አንድ እሽግ መጥቶ፣ እሷ ስለሌለች በቀጥታ ከንቲባው ዘንድ ገባ። ውስጡ በመስታወት የተለበጠ የዓሣ ሥዕልና የምስጋና ደብዳቤ ነበረበት። ወደ ሥራ ስትመለስ ባርሴናስ አስጠሯት፤ ደብዳቤው ፊታቸው ተዘርግቷል።

«ይቀመጡ፣ ማናይ ፔታንግ» አሏት። በዕድሜ ስለምትበልጣቸው ሁልጊዜም እንደ ታላቅ እህት ማናይ ነው የሚሏት። «የሂራኡራ ከንቲባ ሚስታቸው ሞተውባቸው ነበር እንዴ?»

«አዎ ጌታዬ፣ አምና።»

«እና እኔ ምን አልኩ?»

«አዘኑ፣ ጌታዬ።»

«በጣም?»

«በጣም። የእናትዎንም ሞት አንስተው አጽናኗቸው።»

ባርሴናስ ደብዳቤውን እንደገና አነበቡት። ከዚያ ቅጂ እንዳላት ጠየቋት። የታይፒስት ነገር፣ የእያንዳንዱን ደብዳቤ የካርቦን ቅጂ ከሂራኡራዎቹ ደብዳቤዎች ጋር አስቀምጣ ነበር፤ በገመድ አስራ አመጣችላቸው። ቤታቸው ይዘውት ሄዱ። ሦስት ቀን ምንም አላሏትም። ፔታንግ ቀስ እያለች መሳቢያዋን ባዶ አደረገች፣ ለእናቷም ሥራዬ ሳያልቅ አይቀርም ብላ ነገረቻቸው። በአራተኛው ቀን ባርሴናስ በገመድ የታሰሩትን ደብዳቤዎች ጠረጴዛዋ ላይ መለሱት።

«እዚህ ውስጥ ያለው ባርሴናስ ከኔ ይሻላል» አሏት። «ሚስቴም እንደዚያ ነው ያለችው። ይቀጥሉ፤ ብቻ ከአሁን በኋላ የምናገረውን ቀድመው ያስነብቡኝ።»

ሰውዬው ደብዳቤዎቹን ሲያነቡ ከሂራኡራ በኩል የተጻፈውንም አንብበው ኖሮ፣ አንድ ነገር ዓይናቸው ገባ። የካንሱይ ሴቶች ለምግብ የሚሆን የባሕር አረም እየዘሩ ይሸጣሉ፤ አሸዋ ላይ ስለሚያሰጡት ግን ዝናብ በመጣ ቁጥር ግማሹ ይበሰብሳል። ሂራኡራዎች ከአያት ቅድመ አያታቸው ጀምሮ በቆጥ ላይ ነው የሚያደርቁት። ተጻፈላቸው። ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው ከካንሱይ ሴቶች ጋር ከቀርከሃ ቆጥ ሲሠሩ ከረሙ። ዳሌና የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅም ሂራኡራ ሄዳ አንድ ዓመት ሠርታ፣ ቋንቋውን አፍ እንደፈታችበት ይዛ ተመለሰች። የካንሱይ ምንጣፍ ሠሪዎች ሄደው የሂራኡራ ተማሪዎችን አስተማሩ። ሁሉም አማረ ማለት አይደለም። በስጦታ የመጣው ኮምፒዩተር በሳምንቱ ተቃጠለ፤ አንድ የካንሱይ የምክር ቤት አባል ግብዣ ላይ ሰክሮ የሰው አትክልት ውስጥ ወደቀ፤ የሁለቱ ከተሞች ተማሪዎች የሚጻጻፉት ደብዳቤም ሁለት ዓመት ሞቅ ብሎ ቀዘቀዘ። የፔታንግና የኦጋታ ግን አንድም ዓመት አልተቋረጠም። ናናይ ሳቤል በ1997 ሲያርፉ ኦጋታ ቀብሩ ላይ ባይደርስም በሁለተኛው ወር መጥቶ መቃብራቸው አጠገብ ቆመ።

በ2004 ጥቅምት ላይ የመጣው የኦጋታ ደብዳቤ አጭር ነበር። በመንግሥት ውሳኔ ትንንሽ ከተሞች ከትልልቆቹ ጋር እየተቀላቀሉ ነው፤ ሂራኡራም በመጪው መጋቢት ናካሚዙ ወደምትባለው ትልቅ ከተማ ትገባለች። ስሟ ይቀራል፤ ማዘጋጃ ቤቷ ይዘጋል። ናካሚዙ የራሷ ሁለት እህት ከተሞች ስላሏት፣ የካንሱይ ውል «ይጠናል» ተብሏል። ፔታንግ ሃያ ዓመት ሙሉ ከእነሱ ጋር ስትጻጻፍ ኖራለችና፣ ይጠናል ማለት በትሕትና አይሆንም ማለት መሆኑን ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። ደብዳቤውን አጣጥፋ ወደ ከንቲባው ክፍል ወሰደችው።

ለመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ግብዣ መጥቶ ስለነበር ነገሩ ምክር ቤት ቀረበ። አንዱ አባል፣ ለምትሞት ከተማ የአውሮፕላን ትኬት እንገዛለን ወይ ብሎ ተነሣ። ባርሴናስ፣ ወርደው እንደገና ተመርጠው ነበርና፣ ከወንበራቸው ሳይነሡ መለሱለት። «ለቅሶ ላይ ያልደረሰ ዘመድ ምኑ ዘመድ ነው? እኔ እሄዳለሁ። ማናይ ፔታንግም ይሄዳሉ። ለአንደበት ዳሌና ትጨመር።»

ፔታንግ በስልሳ ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ተሳፈረች። በመጋቢት ሂራኡራ ገና በረዶ ለብሳ ነበር፤ ኦጋታ የሚስቱን ወፍራም ካፖርት ይዞ ጣቢያው ላይ ጠበቃቸው። ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ካርቶን በካርቶን ላይ ተከምሯል። ወደ አንድ መደርደሪያ ወስዶ አሳያት፤ የእሷ ደብዳቤዎች በየዓመታቸው ተጠርዘው፣ ከሂራኡራ የልደትና የሞት መዝገብ አጠገብ ቆመዋል። ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀችው። እስካሁን የነገረኝ የለም አላት።

በማግስቱ ከናካሚዙ የተላከ ኪታዙሜ የሚባል የአርባ ዓመት ሰው አነጋገራቸው። ሻይ አቀረበ፤ በትሕትና ጉዳዩ ይጠናል አለ። ባርሴናስ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ዳሌና ተረጎመች፤ ኪታዙሜ እንደገና በትሕትና ይጠናል አለ። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያበቃ ሲል ፔታንግ ጉሮሮዋን ጠረገች። ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ስትይዝ እንጂ ስትናገር የሰማት ሰው አልነበረም።

«እህት ስታገባ እህትነቷ ይቀራል ወይ በዪልኝ» አለቻት ዳሌናን።

ዳሌና ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። «ማናይ፣ እዚህ አገር እኮ ሴት ስታገባ ስሟ ከአባቷ ቤት መዝገብ ይወጣል።»

«ይውጣ! ለበዓል እናቷ ቤት አትመጣም? ልጅ ስትወልድ አታሳይም? እንዳለ በዪልኝ።»

ዳሌና እንዳለ አለችለት። ኪታዙሜ ብዕሩን አንሥቶ የሆነ ነገር ጻፈ፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ሚስቱ የደሴት ልጅ መሆኗን፣ በየዓመቱ ነሐሴ እናቷ ዘንድ እንደምትሄድ፣ ሻንጣ ተሸካሚዋም እሱ መሆኑን ነገራቸው። ወዲያው ደግሞ ፊቱ እንደ ቀድሞው ኮስተር አለ። «ግን ወይዘሮ፣ እኔ የመወሰን ሥልጣን የለኝም። ተራ ጸሐፊ ነኝ።»

«እኔም ታይፒስት ነኝ» አለችው ፔታንግ። «ከተጻፈ ይበቃል። ሳያሳጥሩ ይጻፉልኝ።»

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ወሬ ጠፋ። ኦጋታ በዚያው መጋቢት ጡረታ ወጥቶ ነበርና፣ ውሉ እንዳይቀር በሂራኡራ በር እያንኳኳ ፊርማ ያሰባስብ ጀመር። በካንሱይ በኩል ፔታንግ የባሕር አረም ሴቶቹን በየቆጣቸው ሥር እየዞረች ደብዳቤ አስጻፈቻቸው፤ እጃቸው ጨው እንደሆነ፣ በራሳቸው የእጅ ጽሑፍ። ታይፕ ላድርገው አላለችም። አንዷ የቆጡን አሠራር ያሳዩዋት ሽማግሌ ሪሃቸው ተሻላቸው ወይ ብላ ጠየቀች፤ ሌላዋ ልጇን በአንዱ ስም ሰይማ ኖሮ ፎቶግራፉን ላከች። ሁሉንም አሽጋ ለኪታዙሜ በስሙ ላከችለት።

በ2006 ኅዳር መልስ መጣ፤ የፈረመበት ራሱ ኪታዙሜ ነው። የናካሚዙ ምክር ቤት በጥቂት ድምፅ ብልጫ የካንሱይን ውል ተቀብሏል። እንደ ድሮው ግን አይደለም። ጉብኝቱ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ይሆናል፤ ለከንቲቦች ሽርሽር በጀት የለም፤ የሚመጡት ተማሪዎችና አጥማጆች ብቻ ናቸው። ባርሴናስ ትንሽ ቅር አላቸው። ፔታንግ ግን ደብዳቤውን ሁለቴ አንብባ፣ እንዲያውም ይኼ ይሻላል አለች። ከዚያ ወደ መጸዳጃ ቤት ሄዳ፣ በሩን ዘግታ አለቀሰች። ሲጠሯት ፊቷን ታጥባ ወጣች፤ ጉንፋን ነው አለቻቸው።

በተከታዩ ዓመት ፊርማው ካንሱይ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ሆነ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ከንግግሩ ግማሹን የሰማ የለም። ኪታዙሜ ሚስቱን ይዞ መጣ። ኦጋታ ከአጥማጆቹ ጋር መጥቶ፣ የባሕር አረሙን ቆጥ አንድ በአንድ እየነቀነቀ ከመረመረ በኋላ፣ ሁለቱ ዘምሟል ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። ፔታንግ ያን ቀን መናገር ነበረባት፤ የጻፈችው ንግግርም አራት ገጽ ነበር። መድረኩ ላይ ስትወጣ እንግዶቹን ተመልክታ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ፣ ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው ብላ ወረደች። ሕዝቡ በቁሙ አጨበጨበላት።

ስልሳ አምስት ሲሞላት ማዘጋጃ ቤቱ በክብር ሸኛት። ዛሬ ሰማንያን አልፋለች፤ ጉልበቷ ደረጃ አይወጣም፣ እንግሊዝኛዋ ግን አሁንም አይደናቀፍም። እንግዶቹ በሁለት ዓመት አንዴ ይመጣሉ፤ ደብዳቤውን የሚጽፉት አሁን የዳሌና ልጆች ናቸው፣ እሱም በኮምፒዩተር። እሷና ኦጋታ እሑድ እሑድ በዳሌና ስልክ እየተያዩ ያወራሉ። ብዙ ጊዜ ወሬያቸው ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ ባሕር አረም ዋጋ ነው።

ባለፈው እሑድ ሂራኡራ በረዶ ጥሎ ነበር። ኦጋታ ሊያሳያት ስልኩን ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደና ከፍ አደረገው።

«ኦጋታ ሳን፣ ዝቅ ያድርጉት» አለችው ፔታንግ፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ። «ጣሪያ ነው የሚታየኝ።»